የሣር ክዳን የደፋች መኪና

ከእንግዳ ሁሉ ከባዱ የቱ ነው ብትሉኝ፣ የማይበላው ነው እላለሁ። የሚበላ እንግዳ ምን ችግር አለበት? ያበሉታል፣ ያጠጡታል፣ አልጋ ይለቁለታል፤ አንድ ቀን አገሩ ትዝ ይለውና ይሄዳል። የማይበላ፣ የማይጠጣ፣ የማያወራ፣ ግን «ፀሐይ እንዳይነካው፣ ዝናብ እንዳይደርስበት» ተብሎ በአደራ የተሰጠ እንግዳስ? እኔ ቤት እንዲህ ያለ እንግዳ አንድ ክረምት ሙሉ ተቀምጧል። አራት ጎማ ነበረው።

ነገሩ በደርግ ጊዜ፣ ጋምቤላ ውስጥ የሆነ ነው። ያን ጊዜ የመሬትና የውሃ ጥናት የሚያካሂድ አንድ ፕሮጀክት ውስጥ ሾፌር ነበርኩ። ሾፌር ስል ጊዜያዊ ሾፌር ማለቴ ነው። ስድስት ዓመት ጊዜያዊ ሆኜ ሠርቻለሁ። በዚያ ከተማ ከእኔ ጊዜያዊነት በላይ የቆየ ነገር ባሮ ወንዝ ብቻ ይመስለኛል። ታዲያ ለዚህ ፕሮጀክት የውጭ ሰዎች አንድ መኪና ሰጡ። መኪና ነው እንዳልል ውስጡ አልጋ አለ፤ ቤት ነው እንዳልል መሪ አለው። ከግድግዳ ላይ የሚወርድ ጠረጴዛ፣ የጋዝ ምድጃ፣ መጋረጃ፣ ከነመታጠቢያው የውሃ ቧንቧ ነበረው። እኛ «ቤት መኪና» ብለን ጠራነው። ባለቤቴ አስካለ መጀመሪያ ያየችው ቀን ቧንቧውን ከፈተች፣ ውሃው ሲወርድ አየች፣ ዘጋችው፣ ጀሪካኗን አንሥታ ወደ ባሮ ወረደች። ከዚያ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። እኔ ምን አጠፋሁ?

ክረምት ሲገባ መንገዱ ይዘጋል፤ ፕሮጀክቱም ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። የካምፑን ግቢ ጎርፍ ስለሚገባው አለቃችን ኢንጂነር ታደሰ መኪናውን የት እንደሚያሳድር ጨነቀው። የእኔ ግቢ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። እዚያ አስቁሞ የርክክብ ቅጽ አስፈረመኝና እንዲህ አለኝ፦ «ኅዳር ላይ እንደ ሰጠሁህ ካስረከብከኝ ቋሚ ሠራተኛ አስደርግሃለሁ። ካላስረከብከኝ እኔም አላውቅህም፣ አንተም አታውቀኝም።» የሕዝብ ንብረት አበላሸ የተባለ ሰው በዚያ ዘመን የት እንደሚሄድ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የማታውቁም ባትጠይቁ ይሻላል። ኢንጂነሩ በዚያው ዕለት አውሮፕላን ማረፊያ ሄዶ ተሳፈረ። እኔ ከመኪናዋ ጋር ተፋጠጥኩ።

ፀሐይና ዝናብ በየአገሩ አሉ። ጋምቤላ ግን ሥራቸውን አክብረው ይሠራሉ። ፀሐዩ ከመበርታቱ የተነሣ ጥላዬ አብሮኝ አልወጣም ብሎ ደጃፍ ላይ የቀረበትን ቀን አስታውሳለሁ። ዝናቡ ደግሞ ጠብታ አያውቅም፤ ወንዝ ነው ቆሞ የሚወርደው። በአንድ ሳምንት ውስጥ የመኪናዋ ቀለም እንደ ታመመ ሰው ፊት ገረጣ፤ የመስኮቶቿም ጎማ መሰንጠቅ ጀመረ። ቅጹን ከኪሴ አውጥቼ ፊርማዬን አየሁት። ፊርማዬም የገረጣ መሰለኝ።

መጀመሪያ የሄድኩት ሱቅ ወዳላቸው ወደ ሐጂ ሙዘይን ነው። ሐጂ ከወሎ መጥተው ጋምቤላ ያረጁ፣ ከመርፌ እስከ ጀልባ ሞተር የሚሸጡ ሰው ናቸው። ጉዳዬን ሰምተው አንድ ትልቅ ሸራ አወጡልኝ። «ይቺ ከአሰብ እስከዚህ ድረስ ስንት ጨው አምጥታለች፤ አንድ ጠብታ አላሳለፈችም» አሉኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ወስጄ አለበስኳት። ጨው ያመጣች ሸራ ጨው ይዛ እንደምትቀር ለማሰብ ስንት ዓመት ትምህርት ያስፈልጋል? ዝናቡ ጨዉን እያጠበ ቆርቆሮው ላይ አወረደው፤ በሩ ጥግ ላይ ምስር የምታክል ዝገት ብቅ አለች። ከውስጥ ደግሞ ሙቀቱና እርጥበቱ መውጫ አጡ። ፍራሹ ላይ የበቀለው ሻጋታ በመጀመሪያው ሳምንት ጥጥ መሰለ፤ በሁለተኛው በግ መሰለ፤ በሦስተኛው አስካለ በሩን ከፍታ ተመለከተችና ሰው ያለበት መስሏት ይቅርታ ጠይቃ ዘጋችው።

ከአጥራችን ማዶ ኦባንግ የሚባል አኝዋክ ጎረቤት ነበረን፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ነው፤ ሥራው ቤት መሥራት። እኔ ሸራውን ሳወልቅና ሳለብስ ለብዙ ቀን ሲያየኝ ከርሞ አንድ ጠዋት መጣ። መኪናዋን ዞራት። እጁን ሸራው ሥር ከትቶ ሙቀቱን ለካ።

«ሾፌር፣ አንተ መኪና እያፈንክ ነው» አለኝ። «ይሄ ሸራ ጠላት ነው። ጣራ ያስፈልጋል፤ በጣራና በመኪና መሀል ንፋስ መሄድ አለበት።»

ዝገቷን በአመድና በዘይት አሽቶ አጠፋልኝ፤ በገመድ የመኪናዋን ርዝመትና ወርድ ለካ፤ ሄደ። በኦባንግ አገር ሥርዓት ጣራ ቤቱ ላይ አይሠራም። መሬት ላይ ተሠርቶ፣ ሣሩ ተከድኖ፣ ካለቀ በኋላ ጎረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞ ያወጣዋል። ጣራው በኦባንግ ግቢ ባሥር ቀን አለቀ። የመሸከሚያው ቀን ሰው ተጠራ፤ አስካለም ለሸካሚዎቹ አንድ ጋን ጠላ ጠመቀች። አርባ ሰው መጣ። ሠላሳ ሰባቱ ጠላ የማይቀምሱ ጴንጤ ሆነው ተገኙ። ጠላው ባለበት ቀረና አስካለ በጥድፊያ ዓሣ ገዝታ መጥበስ ጀመረች፤ ሦስቱ የቀሩት ግን የሠላሳ ሰባቱን ድርሻ በታማኝነት ተወጥተው ሳይሸከሙ ዋሉ። ሠላሳ ሰባቱ መዝሙር እየዘመሩ ጣራውን አነሡት። መጀመሪያ ተነሥቶ በአጥሩ ላይ ሲያልፍ ሳየው፣ እውነቴን ነው፣ ሰማይ የተጠጋ መሰለኝ።

ጣራው የሚቆምበት ምሰሶ ግን አልደረሰም ነበር። ምስጥ የማይበላው እንጨት ከጎግ በኩል መምጣት አለበት፤ ኦባንግም እስከዚያው ጣራውን የሣር እስር ደልድሎ በመኪናዋ ላይ አሳረፈው። «ለትንሽ ቀን ነው» አለ። እኔ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ቅዝቃዜው ደጋ ነው። ዝናቡ ሲመጣ ድምፁ እንኳ አልተሰማኝም። በሳምንቱ ሻጋታው ደርቆ ረገፈ። መኪናዋ ባርኔጣ ደፍታ እንደተኛች አሮጊት ሰላም አገኘች። ታዲያ ምሰሶ ለምን? ኦባንግን ይቅርብህ አልኩት። ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ሁለት ጊዜ ይቅር አልኩ። እንዲያውም ጎማዎቹን ፀሐይ እንዳያገኛቸው ዙሪያዋን በጭራሮ አጥሬ በጭቃ ለሰንኩላት። ከሩቅ ሲያዩዋት ከእኔ ቤት ትበልጥ ነበር። ከቅርብም።

ቤት ናት ያለው የመጀመሪያው ሰው ግን እኔ አይደለሁም። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ደምሴ ነው። ጓድ ደምሴ ቀይ ቀለምና ብሩሽ ይዞ ቤት ለመቁጠር መጣ። የእኔን ቤት ቆጠረ። ዞር ብሎ ሁለተኛዋን አየ። በሩን ከፍቶ ገባ፣ ወጣ፣ ብሩሹን ነክሮ በሩ ላይ ቁጥር ጻፈ።

መኪና ናት አልኩት። በር አይቻለሁ፣ መስኮት አይቻለሁ፣ አልጋ አይቻለሁ፣ ከወጥ ቤቱ ሌላ ምን ቀረ ብሎ ጠየቀኝ፤ ወጥ ቤቱንም እንዳየ ጨመረልኝ። ጭቃውን ፈንቅዬ ጎማ አሳየሁት። የሀብታም ቤት ስንት ዓይነት መሠረት እንዳለው ብዙ አይቻለሁ አለኝ። ፍርዱም አጭር ነበር፦ አንድ ሰው ሁለት ቤት ስለማይኖረው ይህቺ ትርፍ ቤት ናት፤ ሰኞ ቤት የሌለው ሰው ከነቤተሰቡ ይገባባታል። ቋሚነቴ፣ ፊርማዬ፣ ኅዳር፣ ሁሉም ባይኔ ላይ ዞሩ። የሰው ቤተሰብ ከነዶሮው ገብቶባት ኢንጂነሩ ሲደርስ ይታያችሁ።

መኪና መኪና መሆኗ የሚረጋገጠው እንዴት ነው? በመሄድ ነው። ጣራውን ለማውረድ አርባ ሰው የለም፤ ሰው ሁሉ እርሻ ላይ ነው፤ ደግሞም ዝናብ እየጣለ ነው። ስለዚህ ከነጣራዋ ልነዳት ቆረጥኩ። አስካለ አብደሃል አለችኝ፤ ኦባንግ ግን ጣራው የሱ ሥራ ስለሆነ መንገድ ላይ ቢወድቅ ስሙ እንደሚጠፋ ነግሮኝ ካልመራሁህ አለ። ባትሪው ሞቶ ስለነበር ጎረቤት ገፍቶ አስነሣልኝ። የለሰንኩትን የጭቃ ግድግዳ ሰብሬ ወጣሁ።

በጋምቤላ ዋና መንገድ ላይ ቤት ሲሄድ ታየ። ሣሩ በፊት መስታወቱ ላይ ስለወረደ የሚታየኝ የኦባንግ ሁለት ጫማ ብቻ ነው፤ እሱ ሲቆም እቆማለሁ፣ ሲታጠፍ እታጠፋለሁ። ከብት የሚነዳ አንድ ኑዌር ከብቶቹን ወደ ዳር አስወጥቶ ለቤቱ እጅ ነሣ። የከተማው ፍየል በሙሉ ከኋላ ተሰልፎ ክዳኑን እየበላ ይከተለን ነበር። ሐጂ ሙዘይን ከሱቃቸው ብቅ ብለው፣ ሸራቸው ምን አጥፍቶ እንደተለወጠ ጠየቁኝ። ሥራ ላይ ነኝ ብዬ አለፍኳቸው። እንዲህ ሆነን ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ደረስን፤ ጥሩንባ ነፋሁ።

ጓድ ደምሴ ወጥቶ ከክዳን እስከ ጎማ አየን። በመጨረሻ ራሱን ነቀነቀ።

«ጓድ ሾፌር፣ አሳምነኸኛል። መኪና ነው» አለኝ።

ደረቴን ነፋሁ። ኦባንግም ነፋ።

«መኪና ከሆነማ ነገ ጠዋት ለዘመቻ እህል ጭኖ ጎግ ይሄዳል።»

በዚያ ክረምት የጎግ መንገድ መንገድ አልነበረም። ሰኔ ላይ የገባ የጭነት መኪና ነሐሴ ላይ ከጭቃው የሚታየው አንቴናው ብቻ ነው ይባል ነበር፤ እኔ ደግሞ አንቴናውንም አላየሁም። ኢንጂነሩን ምን እለዋለሁ? አንቴናዋን ተረከብ?

«ጓድ ሊቀመንበር» አልኩት፣ «ሰው ይሳሳታል። ቤት ናት።»

«ስትሄድ አየኋት እኮ።»

«ጭቃ ነው ጓድ። ተንሸራታ ነው።»

ኦባንግ መሬት መሬት አየ፤ ሽማግሌ ነውና መዋሸት አይፈቀድለትም። ጓድ ደምሴ በሩ ላይ ወደጻፈው ቀይ ቁጥር ጠቆመ። ቤት ከሆነች ሁለት ቤት አለህ፤ አንዱን ምረጥ፣ አንዱ የሕዝብ ነው አለ። በገዛ እጄ የሠራሁት ቤት አንድ በኩል፣ የፈረምኩባት መኪና አንድ በኩል። የተመረጠችው እንደምታውቁት መኪናዋ ናት። ቤቴ አዲስ ለመጣ አንድ መምህር ተሰጠ። ለአስካለ እንዴት እንደምነግራት መንገድ ሙሉ ስጨነቅ መጣሁ፤ እኔ ነገሩን ሳልጨርስ እሷ ድስቶቿን ወደ መኪናዋ አግብታ ጨርሳ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው የጥበቃ ዘመን ነው። ሰው የሚኖርበት ነገር እንዴት እንደሚጠበቅ አየሁ። አስካለ ጠዋት መስኮት ትከፍታለች፣ ማታ ትዘጋለች፣ ምግብ ውጭ ታበስላለች፣ በጫማው ጭቃ ይዞ የሚገባ ሰው ላይ፣ ማለትም እኔ ላይ፣ ትጮኻለች። ፍየል የበላውን ክዳን ኦባንግ ጠገነው። ዝገት የለ፣ ሻጋታ የለ። ጎማው እንኳ የወፈረ መሰለኝ።

ኅዳር ሆነ፤ ኢንጂነር ታደሰ መጣ። አርባው ሰው ተጠርቶ ጣራው ወረደ፤ መኪናዋ ከሥሩ እንደ አዲስ ዕቃ ወጣች። ኢንጂነሩ በጣቱ ቆርቆሮውን ነካ፣ ፍራሹን አሸተተ፣ ቧንቧውን ከፈተ። በሩ ላይ ያለው ቀይ ቁጥር ምንድን ነው አለኝ፤ የቀበሌ ነው ስለው እጁን ቶሎ ሰበሰበና ይቆይ አለ። ከዚያ ቅጹ ላይ ፈረመልኝ። ቋሚ ሆንኩ። የመጀመሪያው የቋሚነት ሥራዬም ወዲያው ተነገረኝ፦ ነገ ጠዋት ጥናቱ ስለሚጀመር መኪናዋን ይዘን ሱዳን ጠረፍ አጠገብ ወዳለችው ማታር እንሄዳለን፤ ስድስት ወር እንቆያለን።

አስካለ በድስቶቿ ተከባ ግቢው መሀል ቆማ ነበር። በቀድሞው ቤታችን መምህሩ አለ፤ በአሁኑ ቤታችን ውስጥ ኢንጂነሩ ሻንጣውን እያስገባ ነው። ሮጬ ቀበሌ ገባሁ። ጓድ ደምሴ ቤት የለኝም ስለው መዝገቡን ገለጠ፣ ጣቱን አወረደ፣ አገኘኝ።

«ቤት አለህ» አለኝ።

«ነገ ማታር ይሄዳል» አልኩት።

ከልቡ አዘነልኝ። ለሰው መሸኛ እንጽፋለን፣ ለቤት የሚጻፍ መሸኛ ግን ከላይ አልመጣልንም፤ ካልተሸኘ ደግሞ ከመዝገብ አይወጣም፤ ቤት ያለው ሰው ቤት ቢሰጠው የሌለው ምን ይላል ብሎ አስረዳኝ። እስከ በሩ ድረስም ሸኘኝ፤ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ።

«አይዞህ ጓድ» አለኝ፣ «ቤትህ ከማታር ሲመለስ ይዘኸው ና።»