የአራት ሰዓቱ ባቡር ከቢቸና

ትልቅ ሰው ሲጫወት ማየት የማይወድ ሕዝብ ቢኖር እኛ ነን። ልጅ ቢጫወት «ያድጋል» ብለን እናልፈዋለን። ጎልማሳ ግን ካርታ ቢጫወት «ቁማርተኛ»፣ ኳስ ሲያይ ቢውል «ሥራ ፈት»፣ ብቻውን ተቀምጦ ቢስቅ ደግሞ «ኧረ ጠበል ውሰዱት» ይባላል። ጎልማሳ የተፈጠረው እንዲሠራ፣ እንዲወልድ፣ የተጣላ እንዲያስታርቅና ለቅሶ እንዲደርስ ነው። ከዚያ የተረፈ ጊዜ ካለው ይተኛበት፤ በመተኛት የተወቀሰ ሰው አላውቅም። እናንተስ ብትሆኑ፣ ጎረቤታችሁ የሆነ የሒሳብ መምህር ቅዳሜ ጠዋት ተንበርክኮ፣ ጉልበቱ ላይ በሚደርስ ተራራ ሣር ሲያለብስ ብታገኙት፣ ለሚስቱ ሳትነግሯት ታድራላችሁ? ለሚስቴም ነገሯት። እርሷም «መጠጥ ቤት ከሚንበረከክ ይሻላል» ብላ አሰናበተቻቸው።

አዎ፣ እኔ የባቡር ሰው ነኝ። ቢቸና ውስጥ ባቡር እንደሌለ አውቃለሁ፤ ልታርሙኝ አትድከሙ። እኛ ግን ከቢቸና ተነስቶ፣ በደብረ ወርቅና በጉንደ ወይን አድርጎ ሞጣ የሚገባ ባቡር አለን። መስመሩ ከአንድ አሮጌ አዳራሽ ግድግዳ ተነስቶ፣ አዳራሹን ዞሮ፣ ወዲያኛው ግድግዳ ድረስ ይሄዳል። ሐዲዱ በመዶሻ የተቃና ሽቦ ነው፤ ከሥሩ የተጋደመው የባሕር ዛፍ ፍልጥ። ሞተሩ ከተበላሸ ቴፕ ውስጥ የወጣ ዲናሞ ሲሆን፣ ጉልበቱን የሚያገኘው ከባጃጅ ባትሪ ነው፤ መብራት አምኖ ባቡር የሚያስነሳ ሞኝ የለማ። የጤፍ ማሳው አረንጓዴ ቀለም የተነከረ ሰጋቱራ ነው። የከተማው ሰው መጀመሪያ «ባቡር አለኝ በሰማይ» እያለ አሾፈብን። ማሾፉ ግን ሐዲዱን እስኪያይ ድረስ ነበር። አንዱ ጎንበስ ብሎ አይቶ አይቶ «ይኼ መስመር በእኔ ባሕር ዛፍ ላይ ነው የሚያልፈው? ካሳው እንዴት ሊሆን ነው?» አለን። ሌላው ጣቢያው ወደ ሱቁ ጠጋ እንዲልለት ሽማግሌ ላከብን። ጠጋ አደረግነው። ሽማግሌ ምን ተብሎ ይመለሳል?

እኛ አራት ነን። ነገሩን የጀመረችው ሲስተር ዘሃራ ናት። የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ አባቷ የባቡር ሠራተኛ ስለነበር ያደገችው ፉርጎ እየቆጠረች ነው። ነርስ ሆና ቢቸና ስትመደብ፣ እንደ ሀገሯ ሰው ትንሹንም ትልቁንም «አንተ» እያለች መጣች። በመጀመሪያው ሳምንት ከተማው የሚያከብራቸውን አያ ፈንቴን «አንተ፣ ና ቁጭ በል፣ ግፊትህን ልለካህ» አለቻቸው። ግፊታቸው ወዲያው ጨመረ።

አያ ፈንቴ የመናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ጡረታ የወጣው ግን እግራቸው ብቻ ነው፤ ፊሽካቸው ዛሬም ከአንገታቸው አትወርድም። ሦስተኛው ይበልጣል ነው፤ የሞጣ አናጢ። ፉርጎዎቹንና የባቄላ ያህል የሆኑትን የእንጨት ተሳፋሪዎች የሚሠራልን እርሱ ነው፤ በየቅዳሜው ከሞጣ በሚኒባስ ይመጣል። እኔ ተራራ እቀባለሁ። ሌላ የምችለው ነገር እንደሌለ ሦስቱም በየተራ አረጋግጠዋል።

በዚህ ወዳጅነት ውስጥ አንድ የማያልቅ ክርክር ነበር። ባቡሩ መቼ ይውጣ?

«ሲሞላ ነዋ» አሉ አያ ፈንቴ፣ ገና ሐዲዱ ሳያልቅ። «ይኼም ጥያቄ ሆነ?»

«ፈንቴ፣ ባቡር የሚወጣው ሰዓቱ ሲደርስ ነው» አለች ዘሃራ። «ሰው ኖረም አልኖረም።»

«ባዶውን?»

«አቦ፣ ባዶውን!»

አያ ፈንቴ ባዶ ወንበር ይዞ የሚወጣ መኪና ሲያዩ ጾም እንደ ገደፈ ሰው ነው የሚሰማቸው። ዕድሜያቸውን የፈጁት «አንድ ሰው ቀርቷል» በማለት ነው። ዘሃራ የሰዓት ሰሌዳ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈች፤ ከላዩ ላይ ትልቅ ሰዓት ሰቀለች። እርሳቸው ደግሞ ሰዓቱ ሲደርስ የእንጨት ተሳፋሪዎቹን አንድ በአንድ እያነሱ፣ አቧራቸውን እፍ እያሉ ማሳፈር ይጀምራሉ። ባቡራችን በሰዓቱ ወጥቶ አያውቅም ማለት ነው። ዘሃራ ስትጮህ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይሏታል፤ እርሷ ትስቃለች፤ እኛም እንስቃለን። ስንሰነባበት ሁላችንም የምንጠብቀው የሚቀጥለውን ቅዳሜ ነበር።

እንዲህ ሆነን ሳለን ነው አዳራሹ ይፈለጋል የተባለው።

አዳራሹ ድሮ ስብሰባ የሚደረግበት፣ ኋላ አይጥ የወረሰው ቤት ነው። አይጡን አስወጥተን የገባነው እኛ ነን። ክረምቱ ሲቃረብ ለማዳበሪያ ማስቀመጫ ይሁን ተባለ። ማዳበሪያ ከባቡር እንደሚበልጥ አልጠፋንም፤ እንጀራ የሚበላ ሰው ይኼን አይከራከርም። ግን ማዶ ላይ ጣሪያው ብቻ የሚያፈስ ባዶ መጋዘን ነበር። ይኼንኑ ይዘን ወደ ወረዳው ኃላፊ ሄድን። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሥራ የሚበዛባቸው ሰው ነበሩ። «ቅዳሜ አራት ሰዓት መጥቼ አየውና እወስናለሁ» አሉን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣን። ሐዲዱ ወለሉ ላይ በሚስማር የተመታ ነው፤ ከተነሳ የሚተርፈው ሽቦና ፍልጥ ብቻ ነው፤ ደግሞም ከአራታችን ቤት ውስጥ ቢቸናን ከነሞጣ የሚችል ሳሎን የለም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የፈራሁት ለባቡሩ አልነበረም። አዳራሹ ከሄደ ይበልጣል በየቅዳሜው ከሞጣ ምን ብሎ ይመጣል? አያ ፈንቴ ፊሽካቸውን ለማን ይነፋሉ? ዘሃራስ ከሥራ ወጥታ የት ትገባለች? ጓደኝነታችን ጣሪያ ሊያጣ ነበር። በእርጅናዬ መግቢያ ላይ ያገኘኋቸው ወዳጆች ናቸውና በጣም ፈራሁ።

ቅዳሜ ደረሰ። «ባቡሩ ልክ በአራት ሰዓት ይነሳል» ብለን ሕዝቡን ጠርተን ስለነበር፣ ቢቸና በዚያ ቀን ተአምር ሠራች፤ ሰው ቀድሞ መጣ። ወንበሩ ሞላ፤ የቀረው በግድግዳው ዙሪያ ቆመ። ከፊት ነጭ ጨርቅ የለበሰ ወንበር አዘጋጅተን፣ አጠገቡ የታሸገ ውኃ አስቀመጥን። ወንበሩ ባዶ ነበር። ለኃላፊው ረዳት ደወልኩ። «መንገድ ላይ ናቸው» አለኝ። በእኛ ሀገር «መንገድ ላይ ነኝ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ጫማዬን እየፈለግሁ ነው ማለት ነው።

ሰዓቱ ሊደርስ ሲል አራታችን ቢቸና ጣቢያ አጠገብ ተሰበሰብን።

«ትንሽ እንጠብቃቸው» አልኩ። «የሚወስኑት እኮ እርሳቸው ናቸው።»

«አዳራሹን ልናጣ እኮ ነው!» አለ ይበልጣል፤ ላብ አጥምቆታል።

ዘሃራ አይኗን ከሰዓቱ አላነሳችም። «እሱን ከጠበቅን ይኼ የልጆች መጫወቻ ነው ማለት ነው። ለመጫወቻ ደግሞ ማን አዳራሽ ይሰጣል?»

ሦስታችንም ወደ አያ ፈንቴ ዞርን። የጣቢያው ሹም እርሳቸው ናቸው፤ ያለ እርሳቸው ፊሽካ ባቡሩ አይነሳም። እኔ ልቤ ዐረፈ። አንድ የእንጨት ተሳፋሪ እንኳ ሲቀር ሰዓት የሚያቆሙ ሰው፣ ኃላፊ ቀርቶ ያስነሳሉ ብሎ ማን ይጠረጥራል? ነጩን ወንበር አዩ። ቀጥሎ ሕዝቡን ከዳር እስከ ዳር አዩ። የእንጨት ሰዎቻቸው ግማሹ አልተሳፈሩም ነበር። ፊሽካዋን አነሱና ነፏት።

ልክ አራት ሰዓት ነበር። ባቡሩ ወጣ።

ጉንደ ወይን ዳገት ላይ ሲደርስ በሩ ተከፈተና ኃላፊው ከነተከታዮቻቸው ገቡ። የሚሰማው የዲናሞው ድምፅ ብቻ ሆነ። ረዳታቸው ወደፊት ራመድ አለና «አቁሙት፣ ከመጀመሪያው ይጀመር!» አለ።

አያ ፈንቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከወገባቸው እጅ ነሱ። «እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ» አሉ። «ይኼኛው ወጥቷል። የሚቀጥለው አራት ሰዓት ተኩል ነው። አረፍ ይበሉ።»

ኃላፊው ሰዓታቸውን አዩ። ግድግዳውን አዩ። ከዚያ ምን እንዳሰቡ አላውቅም፣ ነጩ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ኃላፊ ሲጠብቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቼ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ስልካቸውን ነካኩ። ከዚያ እግራቸውን አነባበሩ። ከዚያ ማንም የሚያናግራቸው ሲያጡ ወደ ሐዲዱ ጎንበስ አሉ።

«ይኼ ደብረ ወርቅ ነው?»

«አዎ ጌታዬ» አልኩ።

«ወንዙ እኮ በወዲያ በኩል ነው። እኔ እዚያ ነው ያደግሁት፤ ስንዋኝ የኖርንበት ነው።»

ብሩሼን አመጣሁ። ኮታቸውን አውልቀው የቀለሙን ጣሳ ያዙልኝ፤ «ወደ ግራ፣ እዚህ ጋ ይጠመዘዛል» እያሉ መሩኝ። አራት ሰዓት ተኩል ከመሆኑ በፊት ወንዙን አዛወርነው። እጃቸው ላይ ሰማያዊ ቀለም ነበር፤ አልጠረጉትም።

አያ ፈንቴ በሰዓቱ ነፉ። ባቡሩ ከቢቸና ወጣ፤ ደብረ ወርቅን አለፈ፤ በአዲሱ ወንዝ ዳር ሲያልፍ ኃላፊው ብድግ አሉ። ጉንደ ወይን ዳገት ላይ ጎማው ያዳልጠው ጀመር፤ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ሊል ሲል ከኋላ አንዲት እናት «አይዞሽ!» ብለው ጮኹ። አዳራሹ በሙሉ ተቀበላቸው፤ «አይዞሽ! አይዞሽ!» ኃላፊውም አብረው። ዳገቱን ወጣች! ከዚህ በኋላ ባቡሩን «እርሱ» ያለው ሰው የለም። ሞጣ ስትገባ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ደቂቃ ነበር። ዕልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ይበልጣል የሞጣ ጣቢያ አጠገብ ተንበርክኮ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ይደረግ።

ሁሉም ንግግር ሲጠብቅ ኃላፊው ወደ ረዳታቸው ዞረው «ማዶ ያለው መጋዘን ጣሪያው ሰኞ ይጠገን፤ ማዳበሪያው እዚያ ይግባ» አሉና ኮታቸውን አንስተው ወጡ። ንግግር ሳያደርግ የወጣ ኃላፊ ስናይ ያ የቀኑ ሁለተኛ ተአምር ሆነ።

ሰው ሲበተን አያ ፈንቴን «ምን ነክቶዎት ነው?» አልኳቸው።

«አዬ መምህር» አሉኝ። «ዕድሜዬን በሙሉ ያልመጣውን ስጠብቅ፣ የመጣውን ፀሐይ ላይ አስቀምጬ ኖርኩ። ዛሬ ወንበሩን አየሁ፤ ሰዉን አየሁ። ቀድመው የመጡት እኮ ተቀምጠዋል።»

ዘሃራ ሰምታ ቀረበች። «አያ ፈንቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንቱ ነው የምልዎት» አለች።

«ተይ እባክሽ» አሉ ደንግጠው። «አሁን ደስ ባለኝ ቀን ሽማግሌ ልታደርጊኝ ነው?»

ይበልጣል አስቀድሞ ተስሎም ተስፋ አድርጎም ኖሮ፣ ሞጣ ቤቱ ደግሶ ነበር፤ ለእኛ አንድ በግ፣ ለዘሃራ ደግሞ ሙስሊም ጎረቤቱ ያረደው ሌላ። ተያይዘን ወደ መናኸሪያ ሄድንና የሞጣ ሚኒባስ ውስጥ ገባን። በሰዓት ላይ ድል የተቀዳጀን አራት ጀግኖች ተቀመጥን። መኪናው አልተነሳም። አንድ ሰው ቀርቷል።

ፀሐዩ በረታ። የሚኒባሱ ረዳት ጥላ ሥር ሸንኮራ ይመጥጣል። ይበልጣል ደጋግሞ ከቤቱ ይደወልለታል። አያ ፈንቴን አየናቸው፤ እጃቸውን አጣጥፈው «እኔ ጡረታ ላይ ነኝ» አሉ። ዘሃራ ሰዓቷን አየች፤ ደግማ አየች፤ ተነፈሰች። ከዚያ መስኮቱን ከፍታ እስከ ወገቧ ወጣችና በዚያ በድሬ ድምፅዋ፣

«ሞጣ! ሞጣ! የሞላ! አንድ ሰው!»

መናኸሪያው በሙሉ ዞረ። አያ ፈንቴ ፊሽካዋን ከአንገታቸው አውልቀው አቀበሏት። ነፋችው። አንድ ሰው ጠርታ ሦስት እየሮጡ መጡ። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» አለን፤ ጠጋ ጠጋ አልን።