ድረ ገጾች ይበልጣልን ሊጎበኙ የመጡ ዕለት

ትናንት ሌሊት ይበልጣል በሕልሙ የግቢውን በር ቢከፍት፣ ድረ ገጾች ተሰልፈው አገኛቸው። ሰልፉ ከደጁ ተነስቶ፣ ወፍጮ ቤቱን ዞሮ፣ ታክሲ ተራው ድረስ ይደርሳል። ድረ ገጽ መሆናቸውን የነገረው የለም። በሕልም እንደዚህ ነው፤ ዝም ብሎ ይታወቃል።

ይበልጣል አልደነገጠም። «ዘገያችሁ» አላቸው።

ሰውየው እንዲህ ነው፣ ምን ታደርጉታላችሁ! በቁሙም በራሱ የሚተማመን ነው። አንድ ትልቅ ድርጅት ላወጣው የንብረት ክፍል ኃላፊነት ቦታ ተፈትኖ ሲወጣ፣ ለሚስቱ ለስንዱ «በቃ፣ አሁን የምጠብቀው ወንበሩን ብቻ ነው» ብሏታል። ውጤቱን በድረ ገጻችን ይከታተሉ ስለተባለም፣ በየማለዳው ፊቱን ሳይታጠብ የድርጅቱን ድረ ገጽ ለመክፈት ይታገላል። አይከፈትለትም። እስኪከፈት ድረስ እግረ መንገዱን ሌሎቹን ወዳጆቹን ይጎበኛል፤ የዜናውን፣ የአየር ጠባዩን፣ የሚሸጡ ቤቶች የሚወጡበትን። ቤት መግዣ የለውም። ግን ሳሎኑ ጠበበ፣ ማድቤቱ ጨለመ እያለ የሰው ቪላ ሲያናንቅ ደስ ይለዋል። ስንዱ «ዘመድ እንዲህ ብትጠይቅ እኮ ስንት ምርቃት ታገኝ ነበር» ትለዋለች። ጆሮ አይሰጣትም።

እንግዲህ ያ ሁሉ ጉብኝት ብድሩ ሊመለስለት መሆኑ ነው። ስንዱ በሩ ላይ የጥበቃ ኮፍያ አድርጋ ቆማለች። «ተራ ያዙ! መጋፋት የለም!» ትላለች።

«ከመግባታችሁ በፊት» አለ ይበልጣል ቀብረር ብሎ፣ «ሰው አለመሆናችሁን አረጋግጡ። እዚያ ከቆሙት ውስጥ አህዮቹን ለዩልኝ።»

ከመንገዱ ማዶ አህዮች ተኮልኩለው ነበር። ድረ ገጾቹ እየተጋፉ «ይቺ ነች! ያቺ ነች!» አሉ። አንዷ አህያ ግን ተቆጣች።

«እኔ የትራፊክ መብራት ነኝ!»

ዓይኗ ቀይ ነበር። ሰልፈኛው ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆመላት።

መጀመሪያ የገባው የአየር ጠባዩ ነው። ካፖርት ደርቦ፣ ነጠላ ጫማ ተጫምቶ፣ ጃንጥላ ይዞ፣ የፀሐይ መነጽር አድርጓል፤ ምን እንደሚመጣበት አያውቅማ። የይበልጣልን ግንባር በመዳፉ ነካ።

«ጋሽ ይበልጣል፣ ዛሬ እንዴት ይውላሉ?»

«ከሰዓት በኋላ ልናደድ እችላለሁ።»

«በሁሉም ቦታ ወይስ በጥቂት ቦታዎች?»

«ቤት ውስጥ ብቻ።»

አመስግኖ ጃንጥላውን ዘረጋና ወጣ። ተከትሎት ዜናው እያለከለከ ገባ። «ምን አዲስ ነገር አለ? ይንገሩኝ እንጂ! ሰው እየጠበቀኝ ነው!» አለ። ይበልጣል ቁርስ አልበላሁም አለው። ዜናው ዓረፍተ ነገሩን እንኳን ሳያስጨርስ «ሰበር! ቁርስ ጠፋ! ሰበር!» እያለ ወደ አደባባዩ ሮጠ። ወዲያው ሱቆች ሁሉ ተዘጉ።

የሚሸጡ ቤቶቹ ድረ ገጽ ፍራሽ ተሸክሞ ነው የመጣው። አንጀት ይበላል። «አራት መኝታ ቤት አለኝ፣ ሁለት መታጠቢያ አለኝ፣ ሰርቪስ አለኝ፤ ማደሪያ ግን የለኝም» ብሎ አለቀሰ። ይበልጣል ወደ ቤቱ ዞር ብሎ ቢያይ፣ አንድ ክፍል የነበረችው ቤቱ ሰፍታ ኮሪደሯ ብቻ ሆቴል አክሏል። «ግባና የወደድከው ቦታ ተኛ» አለው። የልብ ልብ ተሰማው። ሰው ለካ ሲጎበኙት እንዲህ ይሰፋል!

በመጨረሻ የድርጅቱ ድረ ገጽ መጣ። ሙሉ ሱፍ የለበሰ፣ ቦርጫም፣ ቀርፋፋ ሰውዬ ነው። በሩ ላይ ሲደርስ አንድ እግሩን አስገባና ቀጥ አለ። ከዚያ ባለበት ክብ ሠርቶ መዞር ጀመረ።

«ምን ሆኖ ነው ይሄ?» አለች ስንዱ።

«እየተከፈተ ነው፤ አትንኪው። እኔ አውቀዋለሁ።»

ሰውዬው ዞረ፣ ዞረ። ትከሻው ገባ፣ ቦርጩ ገባ፣ ጭንቅላቱ ውጭ ቀረ። ስንዱ በከራቫቱ ይዛ ሳበችው። ያኔ ሙሉ በሙሉ ገባና ይበልጣል እግር ላይ ወደቀ። በአንድ ጊዜ ቤቱ ጠፍቶ ይበልጣል አስፋልት መሐል ትልቅ የቢሮ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። መኪኖቹ ድምፃቸውን ቀንሰው ጫማቸውን እያወለቁ ያልፋሉ።

«ጌታዬ፣ በየቀኑ እየመጣሁ በርዎ አልከፈት እያለኝ ስመለስ ነው የከረምኩት። አለፍኩ ወይስ ወደቅሁ?» አለ ሰውዬው።

ይበልጣል ይህን ጥያቄ ለወራት በልቡ ይዞት ስለኖረ አዘነለት። ትንሽም ደስ አለው፤ መደበቅ አይቻልም።

«አንተ ትቆያለህ። መጀመሪያ የኔን ውጤት ንገረኝ።»

«እኔማ ከየት አውቃለሁ? አላፊና ወዳቂ የሚለዩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ ነኝ?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው? ይበሉ እንጂ ጌታዬ፤ ሕዝቡ እየጠበቀ ነው።»

እውነትም ሕዝብ ተሰብስቧል። አህዮቹ ከፊት ተቀምጠዋል። ዜናው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ስንዱ ኮፍያዋን አውልቃ እያጨበጨበች ነው። ይበልጣል ጉሮሮውን ጠራርጎ ተነሣ። በሕይወቱ እንዲህ እርግጠኛ ሆኖ አያውቅም።

«ይበልጣል...» ብሎ አፉን ሲከፍት ነቃ።

ነግቷል። ልቡ ገና ከጠረጴዛው አልወረደም። እንደ ልማዱ ስልኩን ከትራሱ ሥር አውጥቶ ወደ ድርጅቱ ድረ ገጽ ገባ፤ ክቡ መዞር ጀመረ። ዛሬ ግን ጉድ ነው፣ የድርጅቱ አርማ ብቅ አለ! «ስንዱ! ሊከፈትልኝ ነው!»

ወዲያው ስልኩ ጠራ። የማያውቀው ቁጥር ነው። ሰው ሲደውል ኢንተርኔቱ ይቋረጥበታል፤ ስለዚህ በዚህ ሰዓት የማያውቀው ቁጥር ከደወለ መዝጋት ነው። ሰሞኑን ይሄው ቁጥር በየጠዋቱ ደውሎ በየጠዋቱ ዘግቶበታል። አሁንም ዘጋው።

ገጹ ተከፈተ። «ፈተናውን ያለፉ አመልካቾችን በስልክ እየጠራን ነው። ተደጋግሞ ተደውሎላቸው ያላነሱት በቀጣዩ ተፈታኝ ይተካሉ። ጥሪው ዛሬ ጠዋት ይጠናቀቃል» ይላል።

«አንተ፣ ማን ነበር የደወለው?» አለች ስንዱ ከጓዳ።

ይበልጣል ወደ ቁጥሩ መልሶ ደወለ። ተይዟል። እንደገና ደወለ። ተይዟል።

ከስሱ የቺፑድ ግድግዳ ማዶ፣ አብሮት የተፈተነው የጎረቤቱ የአስናቀ ድምፅ ተሰማ። ከኢንተርኔት ጋር የማይተዋወቅ ባለ ቁልፍ ስልኩን አንስቶ ይጮሃል።

«ሃሎ! አቤት! አዎ፣ እኔው ነኝ! ... ኧረ አሁኑኑ እመጣለሁ!»