እሑድን የቀጠረው ከርከሮ

እስቲ ጆሯችሁን አውሱኝ። እንስሳት ሁሉ አፍ፣ አብዛኞቹ ደግሞ አሠሪ በነበራቸው ዘመን፣ በአንድ ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ ከርከሮ የሚባል የማር ጌታ ነበረ። ዛፉም ቀፎውም የእሱ ነበር። ዛፍ ላይ መውጣት ግን አይችልም። ስለዚህ ቀፎ የሚሰቅልለትና ማር የሚቆርጥለት ጉሬዛ ቀጠረ።

ጉሬዛ ሙያውን የሚያውቅ፣ ጨዋ ሠራተኛ ነበር። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክፉ ቃል አይወጣውም። እሑድ ማለዳ ግን ወንዙን ተሻግሮ ማንም ባለቤት ነኝ የማይለው አንድ ዝግባ ጫፍ ላይ ይወጣል። ከትከሻው የሚወርደውን ነጭ ፀጉሩን እንደ ካባ ዘርግቶ፣ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ ፈጣሪውን ያመሰግናል። "ጠዋትን ያመጣህልን ተመስገን! ንቦቹን አበባ አታሳጣቸው! ጭስ ለሚያበዛባቸውም ልቦና ስጠው!" ይላል። ከሳምንቱ ሁሉ የሚወዳት ይህችን ሰዓት ነበር።

ጭሱን የሚያበዛው ደግሞ ራሱ ከርከሮ ነው። ማሩ ቶሎ እንዲቆረጥለት ከዛፉ ሥር እርጥብ ቅጠል ያስጨሳል። ወሬ ካላመላለሰ እህል የማይረጋለት ቁራ የጉሬዛን ጸሎት ሰምቶ በረረና ለከርከሮ ነገረው።

"ልቦና ስጠው አለ?" አለ ከርከሮ በንዴት ክራንቻው እየተንቀጠቀጠ። "ልቦና የለውም ማለቱ ነው?"

"እሱን እንኳ አላለም ጌታዬ" አለ ቁራ። "ግን ያለውን ያለው ነጭ ለብሶ ነው።"

በማግስቱ ጉባኤ ተጠራ። ከጉባኤ በፊት ከርከሮ ሁልጊዜ ጭቃ ውስጥ እየተንከባለለ የአያቶቹን ስም ያወድሳል፤ ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ "ይሁን፣ ይሁን" ይላል። "ይሄ እምነት አይደለም፤ የቤታችን ወግ ነው" ይል ነበር ከርከሮ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ወጉ እንዳለቀ ጸሐፊዋ እመት ቀበሮ ተነሣች። "ከዛሬ ጀምሮ ሠራተኛ በዕረፍት ቀኑም ቢሆን እምነቱን በአደባባይ አያሰማም፤ ያሰበውን አይናገርም፤ ነጭም አይለብስም" አለች።

"እመቤቴ፣ ካባው እኮ ገላዬ ላይ የበቀለ ነው" አለ ጉሬዛ።

"እሱን ከወለዱህ ጋር ተነጋገርበት።"

ጉሬዛ ወደ ከርከሮ ዞረ። "ጌታዬ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እጄንም ጅራቴንም ቀጥረዋል። እሑድን ግን የቀጠሩት አልመሰለኝም ነበር።"

"ውሉ የሚለው ጉሬዛ ተቀጠረ ነው" አለች እመት ቀበሮ ቀድማ። "አንተ እሑድ እሑድ ሚዳቋ ትሆናለህ?"

ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። የሚደግፍ እግሩን እንዲያነሣ ተጠየቀ። መጀመሪያ ያነሣው ጃርት ነበር። ጃርት ራሱ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ይጸልያል፤ ድምፁ ስለማይሰማ ግን ነገሩ እሱን የሚመለከት አልመሰለውም። ኤሊ ልትቃወም አፏን እስክትከፍት ጉባኤው ተበተነ፤ ዝምታዋም ድጋፍ ተብሎ ተጻፈ። ጉሬዛም ካባው የማይወልቅ ከሆነ ከጌታው ጭቃ እንዲቀባው ታዘዘ።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ አራስ ልጃቸውን አቅፋ ጠበቀችው። የጉሬዛ ልጅ ሲወለድ ሁለመናው ነጭ ነው። ቁራ ሕፃኑንም ሳይቀር "ከራስ እስከ እግሩ ነጭ ለብሶ ተገኝቷል" ብሎ አስመዝግቦት ነበር።

"እንሂድ ይሆን?" አላት ጉሬዛ።

"ወዴት? ደኑ ሁሉ የእሱ ነው። ማዶ ያለው አንድ ዝግባ ብቻ ነው፤ አንድ ዛፍ ደግሞ ቤተሰብ አያበላም። በሞቴ፣ ልጁ እስኪጠና ቻለው።"

ቻለው። እሑድ ሲመጣ ጭቃውን እንደተቀባ አፉን በቅጠል ሞልቶ ለፀሐይዋ ጀርባውን ሰጣት። አፈረ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም።

ሰኞ የማር ቆረጣ ቀን ነበር። ከርከሮ ከጭቃው ወጥቶ ከዛፉ ሥር ቆመና "አሁን ሠራተኛ መሰልክ!" አለው። ንብ ግን ጠቆር ያለ ነገር አትወድም። ይህን ማር የቆረጠ ሁሉ ያውቀዋል፤ ማር የሚበላው ጌታ ብቻ አያውቅም።

"ጌታዬ፣ ንቦቹ እንዲህ ጠቁሬ ሲያዩኝ ይቆጣሉ" አለ ጉሬዛ።

"ይሄ አስተያየት ነው?" አለች እመት ቀበሮ። "አስተያየት ከሆነ ስንፈልግ እንጠራሃለን። ውጣ!"

ወጣ። ቀፎውን ገና ሲነካ ንቦቹ ግር ብለው ወጡ። በነጭ ካባው የሚያውቁትን ጉሬዛ አጡ፤ የለመዱትን ድምፅም ካለፈው ሳምንት ጀምሮ አልሰሙም። ጉሬዛ ሁለት ሦስቴ ተነድፎ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለ አመለጠ። ንቦቹ ወደ ታች ቢያዩ ከእሱ የባሰ የጠቆረ፣ የሰፋ፣ መዝለልም የማይችል ነገር ቆሟል። ከርከሮ እየጮኸ ወንዙ ውስጥ እስኪገባ አፍንጫው ቅል አከለ። እመት ቀበሮም አንድ ዓይኗ ተደፈነ። ንቦቹም ከነንግሥታቸው ወንዙን ተሻግረው ዝግባው ላይ ሰፈሩ።

በሦስተኛው ቀን ጉሬዛ ተጠራ። ጭቃውን ታጥቦ፣ ልባረር ነው ብሎ እየፈራ መጣ። ከርከሮ አፉ ስላበጠ የተናገረችለት እመት ቀበሮ ነበረች።

"ጉዳዩን አጥንተነዋል። ንቦቹ ካባህንና ጸሎትህን ካላገኙ አይመለሱም። ስለዚህ ተፈቅዷል።"

ጉሬዛ ደስታው እንባ ሆኖ መጣበት። እሱ አመሰግናለሁ ከማለቱ በፊት ግን እመት ቀበሮ ቀጠለች።

"ከነገ ጀምሮ በየቀኑ፣ እሑድንም ጨምሮ፣ ልክ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ እዚህ ቀፎው አጠገብ ትጸልያለህ። ቃሉን እኔ እጽፍልሃለሁ፤ ልቦና የምትለዋ ትወጣለች። ስትገባ ትፈርማለህ፤ ካረፈድክ ይቆረጥብሃል።"

ጃርት ሮጦ መጣና "እንኳን ደስ ያለህ! ጸሎት እንጀራ ሆነልህ እኮ!" አለው።

ጉሬዛ ነጭ ካባውን ሰብስቦ ከርከሮን ትክ ብሎ አየው።

"ጌታዬ፣ ሲከለክሉኝ እንኳ ጸሎቴ የራሴ ነበረች" አለ። "ዛሬ ግን እሷንም ቀጠሯት።"