እንኳን ደስ ያለሽ ያልናት ዕለት

ድሮ አንድን ሰው ከመንገድ ዞር ለማድረግ ሲፈለግ ይባረር ነበር። አሁን ሠልጥነናል፤ ይሾማል። አትሳቁ፤ እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር።

እዚህ አዳማ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ የስፌት መኪና መካኒክ ነኝ። ዶላር ሲጠፋ ጨርቅ ጠፋ፤ ጨርቅ ሲጠፋ ኦቨርታይም ቀረ፤ ቀጥሎ ሰርቪሱ ቀረና ሠራተኞቹ ልጆች በእግራቸው መምጣት ጀመሩ። ለምን ብለን ስንጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ «ኢኮኖሚው ነው» ነው። ኢኮኖሚው ደግሞ ቢሮ የለው፣ ሄዳችሁ አታነጋግሩት! ስለዚህ የሠራተኛ ማኅበር እናቋቁም ተባባልን፤ ሕጉም ይፈቅዳል።

ሊቀ መንበር እንድትሆን ያሰብነው ጫልቱን ነበር። ጫልቱ እጅጌ ገጣሚ ናት፤ ከባቱ መጥታ ሁለት እህቶቿን የምታስተምር፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ያመነችበትን ከመናገር የማትመለስ ልጅ። ምርጫው ሲቃረብ የሰው ኃይል ኃላፊያችን መኪኖቹን አስቁሞ፣ ጫልቱ የስፌት ክፍል ኃላፊ ሆና መሾሟን አበሰረን። የደመወዝ ጭማሪ የለውም፤ ኢኮኖሚው ነው። አጨበጨብን። እኔም «እንኳን ደስ ያለሽ» አልኳት፤ ከልቤ ነበር።

ነገሩ የገባን ምሳ ላይ ነው። ሕጉ እንደ ክፍል ኃላፊ ያለ የሥራ መሪ የሠራተኛ ማኅበር አባል እንዲሆን አይፈቅድም። አዋጁ ሲሻሻል ብዙ ነገር ተነካክቷል፤ ይቺ በር ግን እንደተከፈተች ቀረች። ጫልቱ ሳህኗን ይዛ እንደ ወትሮዋ አጠገባችን ስትቀመጥ ጨዋታው ቆመ።

«ማል ታኤ? ምን ሆናችሁ? ከአሁኑ ተፈራሁ እንዴ?» ብላ ሳቀች። አብሯት የሳቀ አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ የሠራተኛ ቅነሳ መጣ፤ ጫልቱም ከመጀመሪያዎቹ ተቀናሾች አንዷ ሆነች። ሕግ የተማረ አንድ ጎረቤቴን ስናማክረው፣ የሠራተኛው አዋጅ የሥራ መሪን እንደማይመለከት እያዘነ ነገረን። እጅጌ ስትገጥም የሚጠብቃት ሕግ ነበራት፤ ስትሾም እሱም ጥሏት ሄደ።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ሻንጣዋን ጣሪያው ላይ ሲጭኑላት ቆማ እያየች፣ «ጋሼ፣ እህቶቼን ምን ልበላቸው? ተሾምኩ ብዬ ደውዬላቸው ነበር እኮ» አለችኝ።

አሁን ደግሞ ልጆቹ በጫልቱ ቦታ ሊቀ መንበር እንድሆን እኔን አስበዋል። ትናንት አንድ የተበላሸ መኪና ፈትቼ ጎንበስ እንዳልኩ የሰው ኃይል ኃላፊው ከአጠገቤ መጥቶ ቆመ። ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋልኝ።

«ጋሽ ደረጀ፣ እንኳን ደስ ያለዎት!»

«እጄ ዘይት ነው» አልኩት።

መቼም ታውቁታላችሁ፤ እጁ የቆሸሸ ሰው ክንዱን ይሰጣል። ኃላፊውም እጁን እንደዘረጋ ጠበቀ።

ክንዴንም አልሰጠሁትም።