ያልደረቀው ሲሚንቶ

የቤት እድሳት ከጉንፋን የሚለየው ጉንፋን በሳምንቱ የሚለቅ በመሆኑ ብቻ ነው። አያያዛቸውስ አንድ ነው፤ አንዱ ጎረቤት ያስነጥስና ሰፈሩ በሙሉ ይተኛል። እኔ በምኖርበት በሐዋሳ፣ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ መጀመሪያ የገባው የኮርኒስ ወረርሽኝ ነበር። ጣሪያው ሥር አቡጀዲ ወጥሮ፣ አይጥ በላዩ ስትሮጥ እያዳመጠ ዕድሜውን የገፋ ሰው ሁሉ በአንድ በጋ ውስጥ ችፑድ ካልመታሁ ብሎ ተነሣ። ኮርኒሱ ጋብ ሲል ኳርትዝ የሚሉት ቀለም መጣ። ኳርትዝ ማለት፣ ላላያችሁት፣ ግድግዳውን የሚያሳምር፣ የተደገፈውን ሰው ኮት ደግሞ የሚልጥ ነገር ነው። ከዚያ ሳሎንን በቅስት መክፈል ተጀመረ። ባለ ሁለት ክፍል ቤቱን በቅስት ያስከፈለ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ አለኝ፤ ከቅስቱ ወዲህ ሆኖ ይበላል፣ ከቅስቱ ወዲያ ሆኖ ውሃ ይጠጣል።

ይህን የማወራው በሰው ለመሳቅ አይደለም። ወደ ራሴ ጉዳይ እስክደርስ ጥቂት ለመዘግየት ነው። የራሴን ጉዳይ ሳስበው ዛሬም ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ይግላል፤ እናንተም ብትሆኑ እንዲህ ያለውን ነገር በመጀመሪያው መስመር ላይ አትጽፉትም።

እኔን የያዘኝ የግቢ በሽታ ነው። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ስንሄድ የሚስቴ ወንድም ግቢውን በእብነ በረድ ስብርባሪ አስነጥፎ ጠበቀን። ከፋብሪካ የሚተርፈውን ቁርጥራጭ ይገዙና አንዱን ካንዱ እያገጣጠሙ በሲሚንቶ ይተክሉታል፤ በማሽን ሲፋቅ ፊት ያሳያል። ሰውየው ጫማውን አውልቆ በካልሲ እየተራመደ አስጎበኘን። ባለቤቴ ሙሉነሽ አንድ ጊዜ ወለሉን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየች። ሃያ ዓመት በትዳር የኖረ ሰው ይህን አስተያየት ያውቀዋል። በመልሱ ጉዞ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች። እኔም ሻሸመኔ ላይ እጅ ሰጠሁ።

ስለ ግቢዬ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። በሰፈራችን ሰፊው ግቢ የእኔ ነው። በግራና በቀኜ ያሉት አብዛኞቹ አንዳንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ በመሆናቸው፣ ሠርግም ሆነ ለቅሶ ሲመጣ ድንኳኑ የሚተከለው እኔ ዘንድ ነበር። ፈቃድ የሚጠይቀኝም አልነበረም። የእድሩ ሰዎች ምሰሷቸውን ተሸክመው በቅንጭቡ አጥር ክፍተት ይገባሉ፣ ይቆፍራሉ፣ ይተክላሉ፤ ሲነቅሉም ጉድጓዱን አፈር መልሰውበት በእግራቸው ጠቅጥቀው ይሄዳሉ። እናቴ ያረፈች ጊዜ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እኔ ራሴን ይዤ እንደተቀመጥኩ ጉድጓዱን የቆፈረው የአጥር ጎረቤቴ ሌዳሞ ነው። ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። ሦስቱን ቀን ሥራውን ዘግቶ ከድንኳኑ አልወጣም። እናቴ ከሲዳምኛ አንድ ቃል አታውቅም ነበር፤ እሱም ከእሷ ጋር በአማርኛ የሚጨቃጨቀው አጥሩ ሥር የተከለውን ጎመን ስለሚለቅሙት ዶሮዎቿ ብቻ ነው። ሬሳዋ ሲወጣ ግን ከእኔ ይልቅ እሱ አለቀሰ።

እንግዲህ ያ ግቢ ነው የታደሰው። ቅንጭቡ ተቆረጠ፣ በምትኩ የብሎኬት ግንብ ቆመ፣ የላሜራ በር ተገጠመ። ግንብ አጥር ሌባ ይከለክላል ይላሉ። እኔ ሌባ መጥቶብኝ አያውቅም፤ ጎረቤትን ግን አሳምሮ እንደሚከለክል በዓይኔ አይቻለሁ። ከግንቡ ውስጥ እብነ በረዱ ተነጠፈ፣ ተፋቀ፣ አበራ። ሠራተኞቹ ከወጡ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ እኔና ሙሉነሽ ማንንም ሳናስገባ ብቻችንን ተመላለስንበት። የሚስቴ ወንድም ለእንቁጣጣሽ መጥቶ እስኪያየው ድረስ አንድ ጭረት እንዳይነካው ተማምለን ነበር። ኋላ መጥቶ ምን እንዳለ ልንገራችሁና ልለፈው። በሩ ላይ ቆም አለና፣ “አሁንማ እብነ በረድ ቀርቷል፤ ሰው ሁሉ ሣር እየተከለ ነው” አለን። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኸው ነው።

ሌዳሞ ያረፈው በነሐሴ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሳል ነው ሲባል፣ ብርድ ነው ሲባል፣ ሰውየው በሳምንት ውስጥ አለቀ። ከቤቱ የሚወጣው ጩኸት በግንቡ ላይ አልፎ ደረሰን። እኔም ሙሉነሽም ደንግጠን ሮጥን፣ አለቀስን፤ እዚህ ላይ ውሸት የለበትም፣ ሌዳሞን እወደው ነበር። ሚስቱ ማርታ አንድ ክፍል ቤቷ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣለች። አራት ሴቶች ከበዋታል፣ አምስተኛዋ የምትቆምበት ቦታ የለም። ደጁ ደግሞ መንገድ ነው፤ በክረምት የሰፈራችን መንገድ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ቦቲ የሌለው ሰው ከቤቱ አይወጣም።

ልብሴን ልቀይር ቤት እንደተመለስኩ የላሜራው በር ተደበደበ። ሳያንኳኩ ሲገቡ የኖሩ ሰዎች ማንኳኳቱን አልለመዱትም፤ በምሰሶ ጫፍ ነበር የሚመቱት። ከፈት ሳደርግ የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ወልዴ ከአራት ሰዎች ጋር ቆመዋል። ድንኳኑ በሁለት ሰው ትከሻ ላይ ነው፣ አንዱ ዶማ ይዟል።

“ግርማ፣ እግዜር ያጽናህ። ወንድምህን አጣህ” አሉኝ ጋሽ ወልዴ። “በል በሩን ወለል አርገው፤ ዝናቡ ሳይደርስብን እንትከል። ማርታ ሰው የምታስቀምጥበት የላትም።”

ዶማውን አየሁት። ዶማውም ያየኝ መሰለኝ።

እውነቱን ብናገር ኖሮ፣ “ጋሽ ወልዴ፣ እብነ በረዴ ይሰበርብኛል” ብል ኖሮ፣ ተሰድቤ ወይ ተመክሬ ነገሩ እዚያው ባለቀ። ምናልባትም ምሰሶውን በድንጋይ አስደግፈው አንድ ዘዴ ይፈጥሩ ነበር። እኔ ግን ስስቴ እንዳይታወቅብኝ ስል፣ በሩን በገላዬ እንደሸፈንኩ፣ ያላሰብኩት ቃል ከአፌ ወጣ።

“ምን ላድርግ ጋሽ ወልዴ፤ ሲሚንቶው አልደረቀም። ትናንት ነው የጨረሱት።”

ጋሽ ወልዴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ግንበኛ ነበሩ። ግንበኛ ስለሆኑ ይነቁብኛል ብዬ ነበር የፈራሁት። እሳቸው ግን ግንበኛ ስለሆኑ አዘኑልኝ።

“ኧረ! ታዲያ ምን ቆመህ ታወራለህ፣ እንዳትረግጠው!” አሉና ወደ ሰዎቹ ዞሩ። “መልሱ። እርጥብ ሲሚንቶ ላይ አይገባም። የሰው ድካም ነው።”

የብሎኬቱ ግንብ ከፍ ያለ በመሆኑ ምንም አልታያቸውም። የድሮው ቅንጭብ ቢሆን ኖሮ ውሸቱ ከአፌ ሳይወጣ በተያዘ ነበር። እንዲህ ያለውን ጥቅም ግንቡን ስናሠራ ማንም አልነገረኝም።

ድንኳኑ መንገዱ ላይ ተተከለ። የሚቆፈረው ጉድጓድ ሁሉ ውሃ እየሞላ ምሰሶው ይንገዳገድ ነበር። ከቀብር መልስ ሰው ሲገባ፣ የተበደርነው አግዳሚ ወንበር ግማሹ ጭቃው ውስጥ ሰመጠና የተቀመጡት ሰዎች ጉልበት አገጫቸው ሥር ደረሰ። የሌዳሞ ዘመዶች ከቡሹሎ መጥተው ነበር፤ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ተቀመጡ። የሚመጣው እንግዳ ሁሉ ዙሪያውን ይቃኝና፣ “ምነው እዚህ? ግርማ ግቢ አይደለም ወይ የምንተክለው?” ይላል። ጋሽ ወልዴ እኔን ቀድመው ይመልሳሉ። “ሲሚንቶው እርጥብ ሆኖበት ነው። እሱማ እንዴት ተቃጥሏል መሰለህ!” እንግዳው ይህን ሲሰማ ወደ እኔ ይመጣና ትከሻዬን ይነካል። “አይዞህ፣ ምን ታደርግ፣ ያጋጥማል።” በዚያ ለቅሶ ላይ ከሟች ሚስት ቀጥሎ በብዛት የተጽናናሁት እኔ ነኝ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ በሁለተኛው ቀን ጭራሽ ከበደ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ በአንድ ጊዜ ወረደ። ሁላችንም ወደ ድንኳኑ መሐል ተጠጋጋን፤ ጋሽ ወልዴ ግን ከተቀመጡበት ዘለው ተነሡ።

“የግርማ ሲሚንቶ!”

ምን ሊያደርጉ እንደሆነ እስኪገባኝ ድረስ፣ ከሁለት ሰዎች ጋር ሆነው የድንኳኑን የጎን ሸራ ገመድ ፈትተዋል። የለቀስተኛውን ሸራ አውርደው ግቢዬን ሊያለብሱልኝ ነው። ዝናቡ በተከፈተው በኩል እየተወረወረ ገባና የቡሹሎዎቹን ሽማግሌዎች ጀርባ አጠበ። አንደኛው ጋቢያቸውን ወደ ራሳቸው ሰበሰቡና ችለው ተቀመጡ። የሰው ንብረት ሊበላሽ ነው ተብለዋላ።

“ተዉት ጋሽ ወልዴ!” ብዬ ጮኽኩ። “ላስቲክ አልብሰነዋል! ሙሉነሽ አልብሳዋለች!”

ሙሉነሽ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ነበር። ስሟ ሲጠራ ቀና አለች። ሴቶቹ ሁሉ አዩዋት። “አዎ፣ አልብሼዋለሁ” አለችና አንገቷን ደፋች። ሸራው እስኪመለስ ሽማግሌዎቹ ርሰው አለቁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ አንድ ውሸት ይበቃኝ ነበር፤ ሚስቴንም ጨምሬ ሁለት አደረግሁት። ያን ዕለት ቤት ስንገባ እብነ በረዱ በዝናብ ታጥቦ እንደዚያ ቀን አብርቶ አያውቅም። ሁለታችንም ሳናየው ወደ ውስጥ አለፍን።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ተነቀለ። እኔም እውነቱን ለመናገር፣ አልፎ ሄደ ብዬ ተነፈስኩ። ሰው ሲያፍር የሚመኘው መታረቅን አይደለም፣ መረሳትን ነው። ዝናቡም ለጥቂት ቀን ቆመና ፀሐይ ወጣ፤ እንደ ልማዱ ቧንቧው ደግሞ ጠፋ። ሌዳሞ በተቀበረ በሰባተኛው ቀን፣ ቢሮ ለመሄድ ብስክሌቴን እየገፋሁ በሩን ስከፍት ማርታ ቆማለች። ጥቁር ለብሳለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። እግሯ አጠገብ ሃያ ሊትር ውሃ የሞላ ጄሪካን አለ።

“ማርታዬ፣ ምነው?” አልኳት።

“ጋሽ ወልዴ ነገሩኝ” አለች። “ሲሚንቶ በሳምንቱ ውሃ ካልጠጣ ይሰነጠቃል አሉኝ። እርስዎ ደግሞ እኛ ጋ ለቅሶ ተቀምጠው ሳያጠጡት ቀሩ። ዛሬ ቧንቧ የለም ብዬ ከቦኖ አመጣሁ።”

ቦኖው የት እንዳለ ላላወቃችሁ፣ ከሰፈራችን ሁለት ሰፈር አልፎ ነው። ቧንቧ በጠፋ ቀን ሰልፉ ከንጋት ይጀምራል። ሐዘንተኛ ናት፣ ከቤት መውጣት እንኳ የለባትም ነበር።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። በእውነት ከፈትኩ። ግን ምን ልበላት? ሲሚንቶው የደረቀው ባልሽ ሳይሞት ነው ልበላት? ብነግራት ቀለል የሚለው ለእኔ ነው፤ እሷ ያን ጄሪካን ለምን እንደተሸከመች፣ የባሏ ዘመዶች ለምን በዝናብ እንደበሰበሱ አውቃ ነው የምትመለሰው። ይህን ደግ የሚመስል ምክንያት ግን ያገኘሁት ኋላ፣ ቢሮ ተቀምጬ ነው። በዚያች ሰዓት ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ጊዜ አፍሬ አላውቅም።

“ግቢ እንጂ” አልኳት፣ ብስክሌቱን ወደ ግንቡ አስጠግቼ።

“አልረግጠውም” አለች ከደጃፉ ሆና። “ይበላሻል።”

ጄሪካኑን አንሥቼ ገባሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት የደረቀ፣ የተፋቀ፣ ያበራ ወለል ላይ ውሃውን ቀስ እያልኩ አፈሰስኩት። አላረፈበትም፤ ተንሸራትቶ ወደ ቦዩ ይሄዳል። ማርታ አንገቷን አስግጋ እያንዳንዱን እርምጃዬን ትከተላለች።

“ጥጉ ቀረ፣ አቶ ግርማ” አለችኝ። “ሌዳሞ ቢኖር እሱ ነበር የሚያጠጣልዎት።”

ጥጉንም አጠጣሁት።