የባነሩን ሞት ጠባቂ

አዲስ ዕቃ ገና ሳይራገፍ የሚሞትበትን ቀን የሚቆርጥለት ባለሙያ የሌለበት ከተማ የለም። ለሸዋ ሮቢት የደረሷት ክቡር ጋሼ ሚልኪያስ ናቸው፤ የማስታወቂያ ሰዓሊ፣ የብሩሽ ሊቀ ሊቃውንት። የከተማችንን የሱቅ ስም ሁሉ በቆርቆሮ ላይ የጻፉት እሳቸው ናቸው።

የኅትመት ባነር የመጣ ጊዜ ቀና ብለው አዩትና "ሦስት ወር ስጡት!" አሉ። እውነታቸውን ነበር። የቆላ ፀሐይ መጀመሪያ የምትበላው ቀዩን ነው። በሦስተኛው ወር የሥጋ ቤቱ በሬ ሰማያዊ ሆነ፤ የኑርሃን ልብስ ቤት ሙሽራም ውሃ ውስጥ የከረመች መሰለች። ጋሼ ሚልኪያስ ከባነር ባነር እየዞሩ ለቅሶ ደረሱ። "ነፍስ ይማር! የእኔ ቀይ ግን ይኸው ሃያ ዓመቱ!"

ባነሩ ግን እየተሻሻለ መጣ። ስድስት ወር ቆየ፤ ከዚያ ዓመት። እሳቸው አሁንም "ሦስት ወር!" ናቸው። "ኧረ ጋሼ፣ ይሄኛው ዓመት ሞላው እኮ" ስንላቸው፣ "ፀሐይዋ ደክማ ነው" ይሉናል። የሸዋ ሮቢት ፀሐይ! ደክማ! ልሳቅ ላልቅስ ግራ ገባኝ። ሥራው እንደሆነ ቀርቷል፤ ቀለም ያልነካውን ብሩሽ በየጠዋቱ አጥበው ያሰጣሉ።

ይባስ ብዬ እኔ ጁስ ቤት ከፈትኩ። እሳቸው ስሙን ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ይፈልጋሉ፤ ባነር በአንድ ቀን ይደርሳል፣ ያውም የታተመበት ሐብሐብ ምራቅ የሚያስውጥ። ሰይጣን አሳሳተኝና ባነር አሠራሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ጋሼ ባለፉ ቁጥር ፍሪጅ ጀርባ ተደበቅሁ።

በአራተኛው ቀን መሰላል ተሸክመው መጡ። አለቀልኝ አልኩ። ሽቅብ ወደ ባነሩ አዩ።

"ማነው እዚህ የሰቀለው?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ እኮ..."

"ፀሐይ ፊት ለፊት ይሰቀላል እንዴ? ቀዩን ትጨርስብሻለች! ነይ፣ መሰላሉን ያዢልኝ።"

ወጡ፣ ፈቱት፣ ጥላ ያለበት በረንዳ ሥር ወጥረው አሰሩት። "ልጄ፣ አንቺ ስትከስሪ ማየት አልፈልግም" ብለው ሄዱ።

እኔ እስካሁን አልገባኝም። ባነር ይሙት ሲሉ የኖሩ ሰው የእኔን ምን ብለው ያድናሉ? ጥላው ተስማምቶት ሐብሐቡ በአምስተኛው ወር ደም መስሏል። ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው በሥሩ ያልፋሉ፤ ስለ ሦስት ወር ማውራትም ትተዋል። አንጀቴን በሉት። ትናንት መሰላል ተዋስኩና ባነሩን ፈትቼ መልሼ ፀሐይ ላይ ሰቀልኩት።