ሼህ ይማም እጃቸው የረጋ ጊዜ

እኛ ሰዎች የሚንቀጠቀጥ ነገር እንወዳለን። አትሳቁ፤ እስቲ ራሳችሁን ታዘቡ። ዘፋኝ ድምፁ ሳይርገበገብ ቢዘፍን "ደረቅ ነው" እንለዋለን። ለቅሶ ቤት ሄዶ ከንፈሩ ያልተንቀጠቀጠ ሰው ከልቡ አላዘነም ተብሎ ይታማል። ሽማግሌ ሲመርቀን እንኳ እጁ ትንሽ ካልራደ ምርቃቱ የደረሰን አይመስለንም። የረጋ ሰው ለምን እንደሚያጠራጥረን አላውቅም፤ ምናልባት የቸገረው ሰው ተረጋግቶ አይለምንም ብለን ይሆናል። እኔም ከዚሁ ወገን ነኝ። መድኃኒት ሻጭ ሆኜ ይህን መናገሬ ያሳፍራል እንጂ።

መድኃኒት ቤቴ መርሳ ከተማ፣ አውራ መንገዱ ዳር ነው። የመርሳን ከሰዓት የማያውቅ ካለ ልንገረው፤ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ሙቀቱ ከተማውን በሙሉ ያስተኛዋል። ብርቱካንና ማንጎ የሚሸጡት ሴቶች ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ያንጎላጃሉ። ከወልድያ የሚመጣው ሚኒባስ ረዳት እንኳ "ደሴ፣ ደሴ" የሚለው እያዛጋ ነው። እኔም ከባንኮኒዬ ጀርባ የማራገቢያውን መዞር እያየሁ፣ መንቃቴንም መተኛቴንም ሳላውቅ እቀመጣለሁ። አሁን የማወራችሁንም ነገር አንዳንዴ በዚያ ሰዓት ያየሁት ሕልም ይመስለኛል። ሕልም እንዳልል ግን ምስክሩ ብዙ ነው።

ሼህ ይማም የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ግቢያቸው ከመርሳ ወደ ግራና ሲሄዱ መንገዱ ዳር ነው፤ ትልቅ ዋንዛ አለበት። ሐሙስ ሐሙስ ከከሰዓቱ የአሱር ሶላት በኋላ ከዋንዛው ሥር ዱዓ ይደረጋል። የቸገረው ሁሉ ይመጣል፤ ከሐራ በሬው የጠፋበት፣ ከወልድያ ልጇ የታመመባት፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። አንዱ "አሚን" ይላል፣ ሌላው "አሜን" ይላል፤ ቅጠሉ መሀል ገብቶ ሲደባለቅ የትኛው የማን እንደሆነ አይለይም።

ታዲያ ሼሁ ለዱዓ እጃቸውን ሲዘረጉ ቀኙ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ጣቶቻቸው፣ ቀጥሎ መዳፋቸው፣ ቀጥሎ የጋቢያቸው ጠርዝ። ያኔ ሰዉ ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል። "ደረሰ" ይላል አንዱ በሹክሹክታ። በሬው የተገኘው፣ ዝናቡ የጣለው፣ መካን የተባለችው የወለደችው፣ ሁሉም ያ እጅ ስለተንቀጠቀጠ ነው። መንቀጥቀጡ በበረታ ቁጥር ዱዓው ይበልጥ ይታመናል። እንግዲህ በየዓመቱ እየበረታ ሄደ።

የሐሙሱን እጅ አገር ያውቀዋል። የዓርቡን እጅ የምናውቀው ግን ባለቤታቸው እትዬ ሀዋና እኔ ብቻ ነበርን። ያ እጅ ዓርብ ዕለት የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ አይችልም። ሼሁ እንጀራ ቆርሰው አፋቸው እስኪያደርሱ ወጡ ጋቢያቸው ላይ ስለሚያልቅ፣ እትዬ ሀዋ በሩን ዘግተው ያጎርሷቸው ነበር። አረማመዳቸው አጥሮ መሬቱን እየዳሰሱ መሄድ ጀመሩ። ያ የሚስቅ ፊታቸው ረጋ ብሎ ቀረ። አንድ ቀን ለሶላት ሲታጠቡ፣ ውዱእ ሲያደርጉ፣ ወደቁና ግንባራቸው ተፈነከተ። እትዬ ሀዋ በዚያ ፀሐይ በእግራቸው ሱቄ ድረስ መጡ።

"አንተ ልጅ፣ ሰዉ በረካ ይለዋል" አሉኝ። "እኔ ግን ባሌ እየሄደብኝ ነው።"

በማግስቱ ሼሁን ይዤ ወልድያ ወጣሁ። ያየቻቸው ሐኪም በዕድሜ ልጃቸው የምትሆን ሴት ናት። ጣታቸውን እንዲያነካኩ አደረገች፤ አስነሥታ አስኬደቻቸው፤ ክንዳቸውን ስታጥፍ ስትዘረጋ ቆየች። "ፓርኪንሰን ይባላል፣ አባባ" አለችና ቁጭ ብላ አስረዳች። እንቅስቃሴያችንን የሚመሩ የአንጎል ሕዋሳት እየሞቱ ነው። አንጎል ደግሞ የራሱ ጠባቂዎች አሉት፤ ቆሻሻውን የሚጠርጉ፣ ጠላት ሲገባ የሚያባርሩ። እነዚህ ጠባቂዎች አንዴ ሲቆጡ አንበርድም ይላሉ። ብግነት የሚባለው ይህ ነው፤ ጤነኛውንም ሕዋስ አብሮ ይጎዳል፣ በሽታውንም ያባብሳል ተብሎ ይታሰባል።

ሼሁ፣ "እና ዘበኛው ነው የቤቱን ሰው የሚደበድበው?" አሉ።

"በከፊል እንደሱ ነው፣ አባባ።"

"ታዲያ ዘበኛውን ተው የሚለው ጠፋ?"

"የሚያበርደው መድኃኒት እየተፈለገ ነው። የሚሞከሩም አሉ። ግን ገና ናቸው።"

"ሐዲዱ ተዘርግቷል በይኛ!" አሉ ሼሁ። "እኛም ሐራ ላይ ሐዲድ አለን፤ የምንጠብቀው ባቡሩን ነው።"

ሐኪሟ ከልቧ ሳቀች። እኔ ግን ብግነት የሚለውን ቃል ከሰማሁ ጀምሮ በሐሳቤ መርሳ ተመልሼ፣ መደርደሪያዬ ላይ ካሉት የጉልበትና የወገብ ማስታገሻዎች የትኛውን እንደምሰጣቸው እየመረጥሁ ነበር። ሐኪሟ ፊቴን አየት አድርጋ፣ "እንዳታስበው! የጉልበት ማስታገሻ ለዚህ አይሆንም፤ ጨጓራቸውን ነው የምታደማው" አለችኝ። እንዴት እንዳወቀችብኝ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ለሼሁ ያዘዘችላቸው ሕዋሳቱ ሲሞቱ የሚጎድለውን ንጥረ ነገር የሚተካ እንክብል ነው። ዘበኛውን አያበርድም፤ በሽታውንም አያቆምም። እጅና እግርን ግን ያፍታታል።

አፍታታ። ጥቂት ሳምንታት አልፈው አንድ እሑድ ምሳ ላይ ሼሁ እንጀራውን ራሳቸው ቆረሱ፣ ወጡን ጠቀለሉ፣ እጃቸው ሳይናወጥ ተነሣና ወደ አፋቸው ሳይሆን ወደ እትዬ ሀዋ ሄደ። ስንት ጊዜ በር ዘግተው ሲያጎርሱ የኖሩት ሴት በተራቸው ጎረሱ። እያኘኩ አለቀሱ። እኔ ስንት ዘመን መድኃኒት ስሸጥ የዚያን ቀን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሐሙስ መጣ። ሼሁ እጃቸውን ዘረጉ። ሰዉ ትንፋሹን ውጦ ጠበቀ። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ፤ ጣት አልተነቃነቀም። ዱዓው ያው የቀድሞው ዱዓ ነው፤ ቃሉም ድምፁም አልተለወጠም። "አሚኑ" ግን ሳሳ። ሲበተኑ አንዱ ሽማግሌ ለጎረቤቱ "ዛሬ አልደረሰም" ሲል ሰማሁት። በሚቀጥለው ሐሙስ የዋንዛው ጥላ ለሰዉ ሰፋ፤ በሚቀጥለውም የበለጠ ሰፋ።

አንድ ከሰዓት እንደ ልማዴ ሳንጎላጅ ቀና ስል እትዬ ብርቄ ባንኮኒውን ተደግፈው ቆመዋል። እትዬ ብርቄ ወልድያ ይኖራሉ፤ ማተባቸውን ከአንገታቸው ሳያወልቁ የሼሁን ዱዓ አንድም ሐሙስ አያስታጉሉም።

"አንተ ነህ አሉ የሼሁን እጅ ያደረቅኸው" አሉኝ።

"ኧረ እትዬ፣ እንዲድን ነው ያደረግሁት!" አልኩ፤ ትንሽ ኩራትም ነበረብኝ።

"ልጄ በባሕር ዐረብ አገር እገባለሁ ብሎ ከወጣ ድምፁን አልሰማሁም። እንግዲህ በማን እጅ ልለምን?"

መደርደሪያዬን ዞሬ አየሁት። ለዚህ የሚሆን አንድም ነገር አልነበረም። እሳቸውም ወጡ። ኩራቴ በነነ።

ማምሻውን ሼሁ ቤት ሄድኩ። የሰዉ ቅሬታ ቀድሞኝ ደርሶ ኖሮ፣ እንክብሎቹን ከምንጣፉ ሥር ሸጉጠዋቸዋል። "ሐሙስ ሐሙስ ልተወው እያልኩ ነው" አሉኝ ቀስ ብለው።

"አባባ፣ ይወድቃሉኮ!"

"ብወድቅ እኔ ነኝ። ሰዉ ተስፋውን እጄ ላይ አንጠልጥሎታል። እንዴት አድርጌ ላውርድበት?"

ተናደድኩ። ጌታ የሚሰማው እጅ ሲንቀጠቀጥ ነው ያለው ማን ነው፣ በየትኛውስ ኪታብ ነው፣ እያልኩ ብዙ ተናገርኩ። እትዬ ሀዋ ከጓዳ ወጥተው ወደ ባላቸው ዞሩ። "ሰዉ፣ ሰዉ ይላሉ" አሏቸው። "እኔስ ሰው አይደለሁም?" ይህንንም ብለው ተመልሰው ገቡ። ሼሁ ሐሙስ ምን እንደሚያደርጉ ሳይነግሩኝ ተለያየን።

ያ ሐሙስ የመጀመሪያ ልጄ ራቢያ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ወልድያ ሆስፒታል ከገባች ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ከአሱር በፊት ባለቤቴ ደወለች። "ምጡ ጠንቷል፤ ሐኪሞቹ ተሰብስበዋል" አለችና ድምፅዋ ተቆረጠ። ሱቁን ዘጋሁ። መናኸሪያው በስተቀኝ ነው፤ ወልድያ የሚሄድ መኪናም ቆሞ ነበር። እኔ ግን፣ የሰለጠንሁት፣ ሰዉን በሙሉ ስወቅስ የከረምሁት ሰውዬ፣ በስተግራ ሄጄ ራሴን ዋንዛው ሥር አገኘሁት።

ጥቂት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ እትዬ ብርቄም አሉ። ጉዳዬን ተናገርኩ። ሼሁ "አብሽር፣ አይዞህ" ብለው እጃቸውን ዘረጉ። የማየው ያንን እጅ ብቻ ነው። እጁ ረጋ ብሏል። እንክብሉን በገዛ እጄ ያቀበልኋቸው እኔ፣ "ትንሽ ብቻ፣ ለዛሬ ብቻ ተንቀጥቀጥ" ብዬ በልቤ ለመንሁት። አልዋሻችሁም፤ እንደዚያ ነው ያልኩት።

ሼሁ ዱዓውን ሳይጀምሩ አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ልንቀጠቀጥልህ?"

የሳቀ የለም። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሼሁ ወደ ሰዉ ዞሩ። "መድኃኒቴን ዛሬም ውጫለሁ፤ ሀዋ ፊት ነው የዋጥሁት። የኔ መንቀጥቀጥ በሽታ ነበር፤ ስታከብሩኝ ደስ ስላለኝ ዝም አልኩ፤ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ። የቸገረው ሰው እጅ ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ያውና!"

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። እኔም አየሁት። ሁለቱም እጆቼ ጭኔ ላይ እየራዱ ነው፤ ላቆማቸው ብሞክር እንቢ አሉኝ። ሼሁ በዚያ በረጋ እጃቸው ለራቢያ ለመኑ፤ ለእትዬ ብርቄ ልጅ ለመኑ፤ በመጨረሻም "ያረቢ፣ በየጭንቅላታችን ውስጥ የተቆጣውን ዘበኛ አብርድልን" አሉ። እንዲያ ያለ "አሚን" እና "አሜን" ከዚያ በፊት ከዚያ ዋንዛ ሥር አልሰማሁም።

ራቢያ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከመግሪብ በፊት፣ ሴት ልጅ ተገላገለች። ሼሁ ዳኑ ብላችሁ ግን እንዳትሳሳቱ፤ በሽታው አልቆመም፣ ሐኪሟም የእንክብሉን መጠን ጨምራለች፣ ዘበኛውን የሚያበርደውም መድኃኒት እስካሁን መደርደሪያዬ አልደረሰም። እስኪመጣ ድረስ እትዬ ሀዋ በሩን ሳይዘጉ ምሳ ያቀርባሉ፤ ሼሁ በራሳቸው እጅ ይበላሉ።

በሳምንቱ በዚያው በሚያንጎላጅ ሰዓት እትዬ ብርቄ ከተፍ አሉ። ስለ ልጃቸው የተሰማ ነገር እንደሌለ ፊታቸው ነገረኝ። ምን ልስጥዎ ብዬ ከመጠየቄ በፊት በባንኮኒው ላይ እጄን ያዙኝ። "ያችን የሐሙሷን እጅህን እስቲ ዘርጋልኝ" አሉ። እኔ መድኃኒት ሻጭ ነኝ፣ ዱዓም በደንብ አላውቅም አልኳቸው። "እሱን ተወውና ዘርጋ" አሉኝ። ዘረጋሁ። ለልጁ የማውቀውን ያህል፣ ከልቤ ለመንሁ።

እትዬ ብርቄ እጄን አተኩረው አዩት። አልተንቀጠቀጠም። ትንሽ ጠበቁና፣ "አሜን" ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ግድ የለም" አሉኝ፣ "አንተም እንክብሉን ውጠኸው ይሆናል።"